እሳትና ውሃ አብረው የከረሙበት ቤት

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት።»

ላሚቱ ጥላ አትጣ፣ ጥጃዋም ጡት አትጣ፣ ሰሚውንም ተረቱ ሳያልቅ እንቅልፍ አይውሰደው።

ኑ እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኔ ራሴ እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። አፍ ያልፈታ ጨቅላ ሲያለቅስ በርዶት ነው ወይስ ሞቆት? እናቱ እንዴት ብላ ትለያለች? ዳብሺው የምትል አለች። እግሩን ጨብጪው የምትል አለች። ዝም በይው፣ ራሱ ይተዋል የምትልም አለች። ቁርጡን የነገረችኝ ግን የለችም። እንጉዳይ የምትባለው ልጅም አታውቀውም ነበር። ባለማወቋም ልጇን ልታጣ ነበር። የዛሬው ተረት የእሷ ነው።

በድሮ ዘመን ነው። ውርጭ ገብሱን በሚያቃጥልበት በደጋው ጫፍ ላይ ተሻገር የሚባል ጎበዝ ነበረ። የአባቱ መሬት ለወንድማማች ሲከፈል ሲከፈል አለቀና ለእሱ የደረሰው በሬ ማዞሪያ እንኳ አልበቃ አለ። ተሻገርም ሚስቱን እንጉዳይን አስከተለ። እናቱን እማ ስንቄን አህያ ላይ አስቀመጠ። ከዚያም ገደሉን ወርደው ቆላ ገቡ።

ቆላው ሰፊ ነው። ማሽላው ቁመቱ ሰው ይውጣል። መንደር ግን የለም። ወንዝ አለ፤ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይሳሳል። ከወንዙ ማዶ አፋሮች ከፍየልና ከግመላቸው ጋር ይሰፍራሉ። ሳሩ ሲያልቅ ቤታቸውን ነቅለው፣ ግመል ላይ ጭነው ይሄዳሉ። ሳሩ ሲበቅል ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ።

ተሻገር ቤት መሥራት ከአባቱ ነው የተማረው፤ አባቱም ከአያቱ። ስለዚህ ቆላ ወርዶ የደጋ ቤት ሠራ። ግድግዳውን በድንጋይና በጭቃ አወፈረው። መስኮት አልተወለትም፤ ብርድ ያስገባል ብሎ ነው። ክዳኑን ሣር በሣር ደራርቦ ጠቀጠቀው። አንዲት ጠባብ በር አወጣና ፊቷን ወደ ምዕራብ አዞራት። በደጋ ክፉው ነፋስ ከምሥራቅ ነዋ የሚመጣው። ለእሱ ጀርባ መስጠት ነው የቤት ወጉ። ከዚያም ከመሐል ምድጃ ተከለ። ሲጨርስ ዞሮ አየው። ልክ የአባቱን ቤት መሰለው። እንጉዳይም ገብታ ስታየው አገሯ የተመለሰች መሰላት፤ ደስም አላት።

ደስታው ታዲያ ፀሐይ እስክታዘነብል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይቱ በዚያች በአንዲት በር ትገባና እስከ ምድጃው ድረስ ትጋደማለች። ውጭ ነፋስ አለ። ከወንዙ ማዶ፣ ከምሥራቅ እየመጣ ማሽላውን ያስተኛዋል። ቤቱ ግን ጀርባውን ሰጥቶታል። ነፋሱ መጥቶ መጥቶ ግድግዳውን ይነካና ዞሮ ይሄዳል።

እንጉዳይ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ቀኗ ደረሰና ወለደች። ወንድ ልጅ ነው። እማ ስንቄ በር ላይ ቆመው ብቻቸውን እልል አሉ። ከማዶ የአፋር ሴቶች ሰሟቸውና እነሱም እልል ብለው መለሱላቸው። እንጉዳይ መደቡ ላይ ተኝታ ይህን ስትሰማ፣ ለካ ሰው አለን ብላ አለቀሰች።

ከዚያም የአራስ ወግ ተጀመረ። እማ ስንቄ በሩን ዘጉና በላዩ ላይ ቆዳ ጋረዱበት። ምድጃውን አነደዱ። ቀንም ሌትም እንዳይጠፋ ብለው ምለው አነደዱ። ልጁን በጋቢ ጠቀለሉት፤ ከአፍንጫው በቀር የሚታይ የለውም። አራስ ነፋስ ከነካት ዕድሜ ልኳን አይለቃትም፣ ጨቅላ ብርድ ከመታው አያድርም፣ እያሉ ቀኑን ሙሉ ያስጠነቅቃሉ። እንጉዳይም አማቷን ታምናለች። በአገሯ አራስ ሁሉ እንዲህ ስትታረስ ነው ያየችው። እናም ላቧ እየተንቆረቆረ፣ ዓይኗ እየተቃጠለ፣ እሺ እማ፣ እሺ እማ እያለች ተኛች።

ተሻገር ሚስቱ ስትቀልጥ ያያል። እናቱን ደግሞ መናገር አይችልም። ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ውሃ ከወንዝ በአህያ እየጫነ እያመጣ ግድግዳውን ከውጭ ያጠጣ ጀመር። ጠዋት እንጨት ይሰብራል፤ ለማሞቂያ ነው። ከሰዓት ውሃ ያመላልሳል፤ እሱ ደግሞ ለማቀዝቀዣ ነው። ውስጥ እሳቱ ይነዳል፣ ውጭ ውሃው ይፈሳል። ጭቃው ውሃውን ይጠጣና እንፋሎት አድርጎ ወደ ውስጥ ይልከዋል። እንደ ሽሮ ወጥ በቀስታ መንተክተክ ነው።

እንጨቱ ከአቅራቢያው አለቀ። ከደጃፋቸው አንድ ግራር ነበረ፤ በምዕራብ በኩል ለበሩ ጥላ የሚሰጥ ትልቅ ግራር። እሱንም ቆረጠው። ከዚያ ወዲህማ ፀሐይቱ ያለ ከልካይ ገባች። አህያው ጀርባው ተላጠና ቆሰለ። ማሽላውን አረም ዋጠው። ለቤቱ የሚደክመው ቤቱ ከሚያበላው በለጠ። ተሻገር ግን ቆም ብሎ ለማሰብ ጊዜ የለውም። እንጨትና ውሃው መቼ ፋታ ይሰጡታል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከማዶ አንዲት ሴት መጣች። መዲና ትባላለች። ብዙ የወለደች፣ ረጅም፣ ቀልደኛ ሴት ናት። ገበያ ስለምትወጣ አማርኛ ትችላለች። የፍየል ወተት ይዛ አራሷን ልትጠይቅ ነው የመጣችው። እማ ስንቄ ቆዳውን ትንሽ ገለጥ አድርገው አስገቧት። ገባች። ወዲያው ተመልሳ ወጣች። በር ላይ ቆማ በሻሿ ፊቷን ጠረገችና እንዲህ አለች፦

«እማ፣ ልጅ ነው የወለዳችሁት ወይስ ዳቦ ነው የደፋችሁት?»

እንጉዳይ ከውስጥ ሰማችና ሳቋ መጣ። ከወለደች ወዲህ መሳቋ የመጀመሪያዋ ነው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እማ ስንቄ ግን አልሳቁም። ፊታቸው ተለዋወጠ። ወተቱን ተቀበሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ አሉ፣ ቆዳውንም መለሱት። ከዚያም ገብተው በኃይል እያንኮሻኮሹ እንጨት ጨመሩ። ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ዋሉ። ግድግዳ የሌላት ሴት ስለ ቤት ምን ታውቃለች፣ ነፋስ የሚመላለስበት ሰሌን ዘርግታ እየተኛች እኔን ልታስተምር፣ አሉ። እንጉዳይም እሺ እማ አለች። በልቧ ግን ያች ሴት ወጥታ በር ላይ ስትተነፍስ ይታያታል። ምነው እኔም እንደሷ አንዴ ወጥቼ በተነፈስኩ፣ አለች።

ቀን ቀንን እየወለደ ሄደ። ልጁ ሰውነቱ በሙሉ ቀይ ሽፍታ ወጣበት። ያለቅሳል። እማ ስንቄ በረደው ይሉና ጋቢ ይደርባሉ። ይብስ ያለቅሳል። ይብስ ይደርባሉ። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ልጁ ማልቀሱን ተወ።

እማ ስንቄ ደስ አላቸው። እንግዲህ ሞቀውና ተኛ አሉ። እንጉዳይ ግን ዝምታውን አልወደደችውም። ጋቢውን ገለጠችና ጡት ሰጠችው። አልያዘላትም። ከንፈሩ ደርቋል። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፤ አያያትም። እጇን አናቱ ላይ ብታደርግ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። 

«እማ፣ ልጁ አልጠባም አለኝ» አለች።

እማ ስንቄም ተጣድፈው መጥተው ዳበሱትና፦ «ብርድ ነው፤ ብርድ ገብቶበታል። እሳቱ አንሶ ነው» አሉ። ከዚያም ትልቁን ግንድ ለማንሳት ጎንበስ አሉ። የግራሩ ግንድ ነው።

እንጉዳይ የአማቷን ጀርባ አየች። ግንዱን አየች። ልጇን አየች።  ልጇን ደረቷ ላይ አደረገችና በሩን የጋረደውን ቆዳ በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።

ከቤቱ ጥግ ዞር እንዳለች ነፋሱ ፊቷን አገኘው። ቆመች። አሁን ልወድቅ ነው፣ አሁን ይመታኛል ብላ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ነፋሱ አንገቷን ነካው፣ ጸጉሯ ውስጥ ገባ፣ በላብ የራሰ ቀሚሷን ከጀርባዋ አላቀቀው። አልወደቀችም። እንዲያውም ጉልበቷ ጠና። ከዚያም ሮጠች። ወንዙ ሳስቷል፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ብቻ ነው። ተሻግራ መዲና ደጃፍ ደረሰችና ልጁን ዘረጋችላት።

«እታለም መዲና፣ ዝም አለኝ» አለች። 

መዲና በዚህ ቀን አልቀለደችም። ልጁን ተቀበለችና ጋቢውን ፈታ ወዲያ ጣለችው። ቤቷ ጎንበስ ያለ እንጨት ላይ የተጣለ ሰሌን ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። በፀሐይ በኩል ያለው ሰሌን እስከ መሬት ወርዷል። በነፋስ በኩል ያለው ተጠቅልሎ ወደ ላይ ታስሯል። እሳቷን ከውጭ፣ ራቅ አድርጋ ነው የምታነደው። ነፋሱ በሚገባበት በኩል የውሃ እንስራ አስቀምጣለች። እንስራው ወዙን እያወጣ ያልበዋል፤ ውሃው እንደ ምንጭ ቀዝቃዛ ነው። መዲና ልጁን ሰሌን ላይ አስተኛችው። ቀጭን ጨርቅ ነክራ ብብቱን፣ ግንባሩን፣ እግሩን አራሰችው። እንጉዳይንም ከጡትሽ እያለብሽ በጣትሽ አፉ ላይ አንጠብጥቢለት አለቻት። እንጉዳይ አንጠበጠበች።  መጀመሪያ በአገጩ ፈሰሰ። ቀጥሎ ምላሱ ትንሽ ነካ አደረገው። ቆይቶ ቆይቶ አፉን ከፈተና ፈለገ። ጡቱን ሰጠችው። ያዘ።

ምን ልበላችሁ። እንጉዳይ ልጁ ሲውጥ ጉሮሮውን ታያለች፣ እንባዋም በልጁ ሆድ ላይ ይወርዳል። መዲናም፦ «አልቅሺ፣ እሱም ያቀዘቅዘዋል» አለቻት።

ይሄኔ እማ ስንቄ ጋቢ ይዘው ደረሱ። ወንዙን በልብሳቸው ተሻግረው፣ መቋሚያቸውን የትም ጥለው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የመጡት። ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱ። ልጁ እየጠባ ነው። አፋቸውን ዘጉት። መዲና ሰሌኑን አመለከተቻቸውና ውሃ በቅል ሰጠቻቸው። ጠጡ። ትንሽ ልረፍና እወስዳቸዋለሁ አሉ። ጎናቸውን አሳረፉ። ከዚያም ተኙ። ከደጋ ከወረዱ እንዲህ ተኝተው አያውቁም። አራሷን ሊመልሱ የመጡት ሴትዮ እያንኮራፉ ቀሩ።

እንጉዳይም ልጇን አቅፋ ከጎናቸው ተጋደመች።

ተሻገር በዚያ ሰዓት ውሃ ጭኖ ቤቱ ደረሰ። የበሩ ቆዳ ወድቋል። ምድጃው ላይ ትልቅ ግንድ ግማሹ ተቃጥሎ ይጨሳል። መደቡ ባዶ ነው። የእናቱ መቋሚያ መንገድ ላይ ወድቋል። ልጁ ሞቶ ሊቀብሩት ሄደዋል ብሎ አሰበ። መቃብር ሊቆፍሩበት ወስደውት እንደሆነ ብሎ ወደ ጓዳ ገብቶ ዶማውን ፈለገ። ዶማው ከቦታው አለ። ግን ልቡ አልተመለሰም። አህያውን ከነጭነቱ ትቶ፣ በአሸዋው ላይ ኮቴ እያየ ወንዙን ተሻገረ። ሰሌኑ ሥር ሚስቱ፣ እናቱና ልጁ ተጋድመዋል። የሚንቀሳቀስ የለም። ከደጃፉ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ እናቱ አንኮራፉ። መዲናም ከውጭ ፍየል እያለበች ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ተሻገርም መሳቁንና ማልቀሱን አንድ ላይ አደረገው።

አመሻሹ ላይ እማ ስንቄ ነቁ። ልጁን ፈልገው ዳበሱት። ቀዝቀዝ ብሏል፣ ይተነፍሳል፣ እግሩን ያወናጭፋል።  ከዚያም ማንንም ሳያዩ እንዲህ አሉ፦

«የተሻገርን ታላቅ ወንድም ብርድ ነው የወሰደብኝ። እዚሁ እቅፌ ላይ ነው የቀዘቀዘው። ከዚያ ወዲህ ጨቅላ ሲያለቅስ ለእኔ የሚሰማኝ በረደኝ ሲል ነው።»

መዲናም ወተቱን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እኔ ደግሞ አንዲቱን ልጄን ሙቀት ወሰደብኝ፣ እማ። ለእኔም ሁልጊዜ የሚሰማኝ ሞቀኝ ሲል ነው» አለች።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እማ ስንቄ የያዙትን ጋቢ አጣጥፈው ከጎናቸው አስቀመጡት። እንጉዳይ ይህን አየች፤ አማቷንም የዚያን ዕለት አብልጣ ወደደች።

በማግስቱ ሁሉም ወደ ቤቱ ተመለሱ። ተሻገር ቤቱን ላፍርሰው አለ። መዲና ዞር ዞር ብላ አየችውና ለምን ታፈርሳለህ፣ ቤቱን ነፋስ አስተዋውቀው እንጂ አለችው። በምሥራቅ በኩል ከክዳኑ ሥር አንድ ቀዳዳ ክፈት፣ ነፋሱ ይግባ። በተቃራኒው በኩል ደግሞ ከጣራው ጉልላት አጠገብ ሌላ ክፈት፣ ወበቁ ወደ ላይ ወጥቶ ይሂድ አለችው። ተሻገር ዲጅኖውን አነሳ፤ ግን እጁ አልታዘዝ አለ። የአባቱን ቤት የሚወጋ መሰለው። ይሄኔ እማ ስንቄ ከኋላው፦

«አባትህ እዚህ ወርዶ አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ፣ ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚቀደው ይህን ነበር። ምታ» አሉት።

መታ። ድንጋዩ ወደቀና ነፋሱ ገባ። ገና ሲገባ ምድጃው ላይ የነበረውን አመድ አንስቶ በእማ ስንቄ ላይ በተነው። እሳቸውም አመዱን ከፊታቸው እየጠረጉ፣ እንግዳው ገና ከመግባቱ ተደፋፈረ አሉ። ሁሉም ሳቁ።

ከዚያም ምድጃውን ነቅለው ወደ ውጭ አወጡት፤ ትንሽ ዳስ ሠሩለት። በምዕራብ በኩል ከበሩ ፊት ታዛ አወጡና መዲና ያመጣችውን ሰሌን ሰቀሉበት። በግራሩ ጉቶ አጠገብም እንጉዳይ ሌላ ችግኝ ተከለች። ጠዋት ጠዋት ልጇን ያጠበችበትን ውሃ ታጠጣዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ እንጉዳይ ራሷ አገኘች። ቀዳዳዎቹና በሩ ተከፍተው ባደሩ በማግስቱ፣ ጎህ ሲቀድ ልጇን ስታጠባ ጉንጯን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ግድግዳው እንደ ውሃ እንስራ ቀዝቅዟል። ያ ወፍራም ግድግዳ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ አድሯል። እንጉዳይ አሰበች። ይህን ብርድ ዘግቼ ባቆየው፣ ቀን ሲግል ማን ይወስድብኛል አለች። ፀሐይቱ ስትጠነክር በሩን ገርበብ አደረገች፣ ቀዳዳዎቹንም በሰሌን ደፈነች። እኩለ ቀን ላይ ውጭው ሲነድ ውስጡ ገና ጠዋት ነው። ማታ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ሁሉንም ከፈተች። መዲና በቀትር መጥታ ገባች። ወዲያው ተመልሳ አልወጣችም። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች።

«ይህንስ እኔም አላውቀውም ነበር። የኔ ሰሌን ነፋስ ያመጣል እንጂ ሌሊትን አያስቀምጥም» አለች። ከዚያ በኋላ በቀትር ግልገሎቿን ይዛ የምትመጣው እዚህ ሆነ። እማ ስንቄም ለግልገሎቹ ቦታ ለመልቀቅ መደቡ ላይ ይወጣሉ። ቤቴን በረት አደረግሽው እያሉ ይቆጣሉ፤ ወዲያው ደግሞ ደካማውን ግልገል አንስተው ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ።

እንግዲህ ኑሮ ተለወጠ። ለአንድ ቀን የማይበቃ የነበረው የእንጨት ሸክም አሁን ሳምንት ይከርማል፤ ለማብሰያ ብቻ ነዋ። ውሃው ለመጠጥና ለመታጠቢያ ሆነ። የአህያው ጀርባ ዳነ። ከመዳኑም አልፎ ጠገበና ተሻገርን ይራገጥ ጀመር። ተሻገርም እየተራገጠበት ደስ ይለዋል። ማሽላውን አረመው። በአዝመራው ጎተራው ሞላ። ልጁም ወፈረ፣ ጥርስ አወጣ፣ ሰሌን ላይ መዳህ ጀመረ። እንጉዳይ አሁንም ሲያለቅስ ትደነግጣለች። ግን አሁን ጋቢ ከመደረቧ በፊት ትዳብሰዋለች፣ ጡት ትሰጠዋለች፣ ታዛው ሥር አውጥታ ታየዋለች። አላወቀችም፤ ትጠይቃለች እንጂ።

ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ወደ ወንዙ ማዶ ታያለች። የመዲና ሰሌን በነፋሱ በኩል ሲጠቀለል ታያለች። ያን ጊዜ ልጄን የሰጠኸኝ በዚህች ሴት እጅ ነው ብላ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። ለምስጋና ታዲያ አፍ ብቻ በቃኝ አላለችም። መዲናን ልትክሳት ፈለገች።

መጀመሪያ ማሽላ በአቁማዳ ሞልታ ወሰደችላት። መዲና ተቀበለች፣ ለልጆቿም አበሰለች። በሦስተኛው ቀን አቁማዳው ተመልሶ መጣ። ጨው ተሞልቶበት። በቆላ ጨው እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁ። እንጉዳይ አፈረች። ቅቤ አንጥራ በቅል ላከች። ቅሉ ተመለሰ፤ አንዲት ግልገል ደግሞ ቅሉን ከያዘው ሰው ኋላ ኋላ እየጮኸች መጣች። እማ ስንቄ ያቺን ጋቢ አጥበው፣ ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ። መዲና ጋቢውን ተሸፋፈነችና በፀሐይ ላይ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደች ልጆቿን አሳቀቻቸው። ከዚያም እማ፣ ይህን ለብሼ የት ልሂድ፣ ወደ ደጋ ልሰደድ ነው ወይ ብላ አጣጥፋ መለሰችላቸው። ተሻገርም በበኩሉ የግንድ መቀመጫ ጠርቦ ሰጣት። መዲናም አመሰገነች፣ አንድ ቀን ተቀመጠችበት። ይህን ብጭንባት ግመሌ ታዝንብኛለች ብላ እዚሁ ታዛ ሥር አስቀምጡልኝ አለች። የሰጧት ሁሉ ወይ በሌላ ተመንዝሮ ይመለሳል ወይ ከእነሱው ጋር ይቀራል።

አንድ ቀን እንጉዳይ ምርር ብሏት፣ ልጁን ታቅፋ ሄደችና እንዲህ አለቻት፦

«እታለም፣ ምን ብሰጥሽ ነው የምትወስጂልኝ? ልጄን ነው እኮ የሰጠሽኝ።»

«ነፋሱን እኔ አልሠራሁት፣ ልጁንም አንቺ ነሽ የወለድሽው። ምኑን ብዬ ልቀበልሽ?» አለች መዲና። ከዚያም ልጁን ከእቅፏ ወስዳ ወደ ላይ አነሳችውና በአፍንጫዋ ሆዱን ኮረኮረችው። ጉዳዩም በዚያው አለቀ።

በጋው ሲከር ሳሩ አለቀ። አፋሮቹ ቤታቸውን ነቀሉ። መዲና ሰሌኑን ጠቀለለች፣ እንጨቱን አሰረች፣ ግመሏን አንበርክካ ጫነች። አንድ ሙሉ ቤት በአንድ ግመል ጀርባ ላይ ወጣ። እንጉዳይ ወንዙ ዳር ቆማ እስከምትጠፋ ድረስ አየቻት። ከዚያም የመዲና ቤት ወደቆመበት ቦታ ሄደች። መሬቱ ላይ ክብ ምልክት አለ፤ የእሳቱ አመድ አለ፤ ልጇ የዳነበት ሰሌን የነበረበት ቦታ ለስላሳ ነው። አመዱን ጠረገች። ድንጋዩን ለቀመች።

ዝናቡ ጣለ። ተሻገር ዘንድሮ እርሻውን ማስፋት ፈለገ። ከማዶም ለም መሬት አለ። በሬዎቹን ጠምዶ ተሻገረና አረሰ። ያቺ ክብ ቦታ ጋ ሲደርስ ግን እንጉዳይ ከፊቱ ቆመች።  እሱም በሬዎቹን አዞረና ዙሪያዋን አርሶ አለፈ። ማሽላው በቀለ። ከመሐሉ አንዲት ክብ ቦታ፣ ተጠርጋ፣ ባዶዋን ቀረች። ወደ ማሽላው የሚያስገባ የግመል መንገድም ተውላት። ከደጋ ሊጠይቋቸው የመጡ ዘመዶች ምነው እንዲህ ያለ መሬት አስቀራችሁ ብለው ይጠይቃሉ። ተሻገርም ባለቤት አለው ይላቸዋል።

ሳሩ ሲበቅል መዲና መጣች። በማሽላው መሐል በግመሏ ገባች። ቦታዋን አየች። ጥቂት ቆመች። ማሽላውን ዙሪያዋን ተመለከተች፣ ከዚያም ወርዳ ሰሌኗን ዘረጋች፤ በነፋሱ በኩል ጠቀለለችው።

እንጉዳይ እልል አለች። እማ ስንቄ መቋሚያቸውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ማታ ግን እንጉዳይ ልጇን እያጠባች ስታስበው ልቧ አላረፈም። መሬቷን አስቀረሁላት፣ ጠረግሁላት አለች። ግን ይህ ስጦታ ይባላል? መሬቱማ እኛ ከመምጣታችን በፊትም የእሷ አልነበረም? የቀረውን ግጦሿንስ ማን አርሶት ነው ማሽላው የበቀለው? የራሷን መልሼ ሰጠኋት እንጂ ከእኔ የሆነ ምን ሰጠኋት?

እስቲ ምከሩ። እናንተ ብትሆኑ፣ ልጃችሁን አድና ዋጋ አልቀበልም ለምትል፣ ቤቷንም በግመል ይዛ ለምትዞር ሴት ምን ትሰጧት ነበር? የምታውቁት ካላችሁ ንገሩኝ። እንጉዳይ እንደሆነች እስከ ዛሬ እያሰበች ነው።

ተረቴ እዚህ ላይ ጥላ አገኘና ተቀመጠ። ምክር ያለው ምክሩን ያዋጣ። ምክር ያጣም እንስራ ሥር የከረመ እርጎ በቅል ሞልቶ፣ የደረቀውን ጉሮሮዬን ያርጥብልኝ።